ለአዋላጇ ያልተላከው ደብዳቤ

አባቴ ከዘራ ሠሪ ነው። ሰፈሩ «ባለ ከዘራው» ይለዋል፤ ትክክለኛ ስሙን ከመታወቂያው ሌላ የሚያስታውሰው ያለ አይመስለኝም። የሚገርመው እሱ ራሱ ከዘራ ይዞ አያውቅም ነበር። ጉልበቱ ማስቸገር ከጀመረው ቆይቷል፤ ደረጃ ሲወጣ አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ እኔን፣ አንዳንዴም የጎረቤት በር እጀታ እየያዘ ነው። «ከሠራሃቸው አንዱን ብትይዝ ምን አለ?» ስለው፣ «ሠሪው ሲያነክስ ያየ ደንበኛ ምን ይላል?» ይለኛል። ሲያነክስማ ሰው ሁሉ ያየዋል። ግን ከአባዬ ጋር ተከራክሮ ያሸነፈ ስለሌለ እተወዋለሁ።

የሚሠራው ከምንኖርበት ፎቅ ሥር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሰጋቱራ ነው፤ ጫማ ውስጥ ይገባል፣ ሻይ ውስጥ ይገባል፣ የኔ ኮምፒውተር ውስጥ ሳይቀር ገብቶ አንድ ፊደል እምቢ አስብሎታል። እሱ መስኮቱ ሥር እንጨቱን በሚያስርበት ሞርሳ ላይ አጎንብሶ ይልጋል፣ እኔ ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ትዕዛዝ እቀበላለሁ፣ አሽጋለሁ፣ ፖስታ ቤት አደርሳለሁ። ሱቃችን ኢንተርኔት ላይ ነው። ድሮ ከዘራውን የሚገዛው በበራችን የሚያልፍ ሰው ብቻ ነበር፤ ድረ ገጹን ከከፈትኩ ወዲህ ግን ረግጠን ከማናውቃቸው ከተሞች ሰዎች ማዘዝ ጀመሩ።

ይህ የሆነው በኔ ድረ ገጽ ማማር ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን የአባዬ ደብዳቤ ነው። ከዘራ ለገዛው ሰው ሁሉ በኢሜይል ይጽፋል። እሱ እየላገ ይናገራል፣ እኔ እየሰማሁ እተይባለሁ፤ አንዲት ቃል ብቀይር ወዮልኝ። ከዘራ ከሚያመው እግር በተቃራኒው እጅ እንደሚያዝ፣ ጫፉ ላይ ያለው ላስቲክ ሲያልቅ መቀየር እንዳለበት፣ እንጨት ዘይት እንደሚወድ ይጽፋል። ከዚያ ነገሩ ይሰፋል። ስለ ገዛ ጉልበቱ፣ ስለ ጎረቤታችን ድመትና ከእሷ ጋር ስላለው ጠብ፣ ስለ ደረጃችን መብራት። «ዛሬ የምጽፍላችሁ ልሸጥላችሁ አይደለም» ብሎ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ዓይኑን ሳያሽ ይሸጣል። ሰው ደግሞ ይወደዋል። እየሳቁ ይመልሱለታል፣ እግረ መንገዳቸውን ለአማታቸው አንድ ያዝዛሉ። የምንኖረው በዚያ ነበር።

ከዚያ ሕጉ ወጣ። አይፈለጌ መልእክትን የሚከለክል ሕግ። ቁጭ አድርጌ አነበብኩለት፤ ፈቃዱን ላልሰጠ ሰው የንግድ ኢሜይል አይላክም፣ ላኪው ስሙንና አድራሻውን ይጻፍ፣ ከእያንዳንዱ መልእክት ግርጌ «ከእንግዲህ እንዳይላክልኝ» የሚል መጫኛ ይኑር፣ ያንን የተጫነ ሰው ይከበር። የጣሰ ይቀጣል።

«አይፈለጌ ማለት እኔ ነኝ?» አለ መላጊያውን አስቀምጦ።

«አንተ አይደለህም። ሎተሪ ደርሶሃል እያሉ የሚጽፉት ናቸው።»

«ታዲያ ለነሱ ይንገሯቸዋ!»

ለነሱማ ማን አግኝቷቸው። ዓይናቸውን በጨው የታጠቡ ናቸው፤ ስም የላቸውም፣ አድራሻ የላቸውም፣ አንዱ ሲዘጋባቸው በሌላው ይመጣሉ። እስከ ዛሬ ለአባዬ በየቀኑ የፀጉር ማብቀያ ቅባት ይግዙ የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ አባዬ ደግሞ እንደ እንቁላል መላጣ ነው። ሕጉ እጁ የደረሰው ስሙንና የበሩን ቁጥር አሳምሮ የጻፈው ሰው ጋ ነው፤ እኛ ጋ። እንዲህም ሆኖ ሕጉን አልጠላሁትም። ሰው አልፈልግም ሲል መሰማት አለበት። አባዬን ያናደደው ግን ይኸው መጫኛ ነበር። «እንግዳ ጠርቼ፣ ገና ሳይቀመጥ 'ካስጠላሁህ በሩ ያውልህ' ልበለው?» ይላል። ይበል አይበል፣ በትንንሽ ፊደል ግርጌው ላይ አስገባሁት።

የባሰው ፈቃዱ ነበር። የደንበኞቻችን አድራሻ የተሰበሰበው ከዘራ ሲገዙ ነው፤ ደብዳቤ ጻፉልን ማለታቸው ስለመሆኑ ማስረጃ የለንም። ስለዚህ ለሁሉም «እንድንጽፍልዎ ይፈቅዳሉ?» ብዬ ላክሁ። የመለሱት ጥቂት ናቸው። ያልመለሱት ጠልተውን አይደለም፤ ያ ጥያቄ ራሱ የብዙዎቹ ቆሻሻ መልእክት ማጠራቀሚያ ውስጥ ተጥሎ ስላላዩት ነው። ስማቸውን ስሰርዝ አባዬ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። «እሱን ተይው፣ የልጁ ሠርግ ላይ በኔ ከዘራ ነው የጨፈረው።» ሰረዝኩት። «እሷንማ አትነኪያትም!» እሷንም ሰረዝኳት። በመጨረሻ ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ትዕዛዝ ደረቀ። ደብዳቤው የሚሄደው ለእፍኝ ሰው ሆነና፣ የፖስታ ቤቷ ልጅ አንድ ቀን ሳገኛት «ታመሽ ነበር እንዴ?» አለችኝ። አባዬ አፍ አውጥቶ አላማረረም። ግን የሚጠቀምበት ኮላ ሲያልቅ በርካሽ የሚሸጠውን ይዞ መጣ። ቆርቆሮውን አይቼ ስጠይቀው «ኮላ ኮላ ነው» አለኝ። እሱ እኮ ሌላው ቀርቶ ሚስማርን ከሚስማር የሚያበላልጥ ሰው ነው። ደንግጬ ነበር፤ ቢሆንም ስለ እንጨት የሚያውቀው እሱ ስለሆነ ዝም አልኩ።

አዋላጇ ያዘዙት በዚያ ሰሞን ነው። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ትዕዛዙ ላይ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ ሰው ስቀበል ጉልበቴ አለቀ። እጄ ሰፊ ነው፤ ቀጭን እጀታ እንዳትልኩልኝ።» ከሥሩ ደግሞ «ደብዳቤ እንድትልኩልኝ ፈቅጃለሁ» የምትለዋ ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጓል። አባዬ ያቺን ምልክት ሲያይ ልጅ ሆነ። «አየሽ? ሳንለምናት ፈቀደች!» አለኝ። ከሕጉ በኋላ በገዛ እጁ የፈቀደ የመጀመሪያው አዲስ ደንበኛ መሆኑ ነው። እጀታውን ሦስቴ አስተካከለው፤ እየጨበጠ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሰፊ እጅ ልክ እያሰበ።

ከዘራው እንደደረሰ ጻፈላቸው። መልሱ መጣ፦ «ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። ስለ ድመቷ ይጨምሩ።» በቃ፣ አባዬ ክንፍ አወጣ። ለቀሩት በወር አንዴ የሚጽፈውን ለእሳቸው በሳምንት ያደርገው ጀመር። በደብዳቤዎቹ ውስጥ ድመቷ አንድ ቀን ያልሠራችውን ሁሉ ሠራች። «አባዬ፣ አበዛኸው» አልኩት። «ጨምር ያለችው ራሷ ናት» አለኝ።

አንድ ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት ማሳወቂያ አገኘሁ። አዋላጇ ግርጌ ያለችውን መጫኛ ተጭነዋል። ከእንግዲህ እንዳይላክልኝ።

እንዴት ልንገረው ብዬ ብዙ አሰብኩና እንዲሁ ነገርኩት። «ኧረ?» አለ። ሞርሳው ላይ የነበረውን ዘንግ መላግ ቀጠለ፤ ላገው፣ ላገው፣ ለከዘራነት እስከማይሆን ድረስ አቀጠነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ድመቷ ከደብዳቤው ወጣች። ስለ አዋላጇ አንድ ነገር ከተነሳ ደግሞ ፊቱን አዙሮ «እሷ እንኳ ዘግታብኛለች» ይላል። ኩርፊያው የትልቅ ሰው ኩርፊያ ነበር፤ የሚያባብለው የለም፣ ማብቂያም የለውም።

በዝናቡ ወር ከአንድ ጡረተኛ ሹፌር ጥቅል ተመለሰ። ፈትተን ስናይ ዘንጉ ለብቻው፣ እጀታው ለብቻው። አብሮት ወረቀት አለ፦ «ባለ ከዘራው፣ እኔ ሁለት ከዘራ አላዘዝኩም።» ሹፌሩ ተቀምጠው ሳሉ ነው የወለቀው፤ ክፉ አልነካቸውም። እኔ ሳቅሁ። አባዬ አልሳቀም። የእጀታውን ጉድጓድ በአፍንጫው አሸተተ፣ በጥፍሩ ጫረ፣ ከቆርቆሮው የቀረውን ደረቅ ኮላ ቆርሶ ውኃ ውስጥ ጣለ። ምሳ በልተን ስንመለስ እንደ ማስቲካ ለስልሶ አገኘነው።

«እርጥበት አይችልም» አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ሰው ተደግፎበት እኮ ነው፣ አንቺ። ሰው ተደግፎበት።»

ያኔውኑ «ጻፊ» አለኝ። በሕይወቱ እንዲያ አጭር ደብዳቤ ጽፎ አያውቅም። በዚያ ኮላ ለተሠራ ለእያንዳንዱ ከዘራ ባለቤት እንዲደርስ አዘጋጀሁትና ላክ የሚለውን ስጫን ሁሉም ሄደ፤ አንድ ስም ላይ ሲደርስ ግን ፕሮግራሙ ቆመ። ይህ ሰው መልእክት እንዳይላክለት ጠይቋል ይላል። አዋላጇ ናቸው።

«ይኼን እኔ አልፈዋለሁ» አልኩ። «ማስጠንቀቂያ እኮ ነው። ሕጉ የሚከለክለው ማስታወቂያ ነው እንጂ የሸጥከው ዕቃ አደጋ አለው ማለትን አይደለም። አንብቤዋለሁ።»

«ጠበቃ ሆንሽ ደግሞ? አልፈልግም ብላለች፣ አልፈልግም ነው። ኋላ ከሳን ብታስቀጣንስ?»

«ኧረ አባዬ፣ ሴትየዋ ትወድቃለች!»

የኮላውን ቆርቆሮ ገፋ አደረገ። ከዚያ «እሺ፣ ስልኳ ትዕዛዟ ላይ ተጽፏል አይደል? እኔ ራሴ እደውልላታለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በአፍ ነው የሚነገር» አለኝ። ቁጥሩን በእርሳስ ጻፈና ሞርሳው አጠገብ ሰካው። እኔም እፎይ ብዬ የተመላሽ ከዘራዎቹን ጥቅል መቀበል ጀመርኩ። በማግስቱ «ደወልክ?» ስለው «እሺ አልኩሽ እኮ» አለኝ። ይህን መልስ ደውያለሁ ማለቱ ነው ብዬ ወሰድኩት። ስልኩን አንስቶ ቁጥራቸውን አይቶ መልሶ ሲያስቀምጥ ግን አንዴ አይቼው ነበር፤ መስመሩ የተያዘ መስሎኝ አለፍኩ።

ከዚያ የአዋላጇ ልጅ መልእክት መጣ። በድረ ገጹ በኩል፣ እንደ ማንኛውም ትዕዛዝ። «እናቴ ወድቃ እጇ ተሰብሯል። ከዘራውም እጀታው ወልቋል። ሌላ ከዘራ አምጥቼላት ነበር፣ አልፈልግም አለች፤ የባለ ከዘራውን ነው የምትለው። እባካችሁ ልክ እንደ በፊቱ ዓይነት ሥሩላት። በጣም ትወደው ነበር።»

ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት፤ ገና መጀመሪያ ላይ ሳለሁ ምን እንደምል ስላላወቅሁ ማቆም አቃተኝ። ስጨርስ ዞር ብዬ አየሁት። ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት አሁንም ሞርሳው አጠገብ ተሰክቷል። ሰጋቱራ ሸፍኖታል።

«አልደወልክም» አልኩት።

«አኩርፌ ነበር» አለኝ።

ሕጉን አላነሳም፣ ቅጣት አላነሳም። ብጮህበት ይሻለው ነበር መሰለኝ፤ እኔ ግን መጮኽ አልቻልኩም። ያን ሳምንት አባዬ ምግብ ከአፉ አልደረሰም ብል አላጋነንኩም። ሳህኑን ገፋ አድርጎ እጁን ያየዋል። አንዴ እንዲያውም ድንገት «የትኛው እጇ ነው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «ቀኟ እንዳይሆን ብቻ» አለ። ከዘራውን በድሮው ኮላ ሠራው፤ በላዩ ላይ እጀታውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዝ የእንጨት ችንካር ነዳበት። ሞርሳው ላይ አሥሮ ባለ በሌለ ክብደቱ ተንጠለጠለበት። አልነቃነቅም አለ። በፖስታ እንላከው ስለው ፊቱን አጠቆረና ኮቱን ለበሰ።

በአውቶቡስ ሄድን። ከዘራውን በጨርቅ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞታል። አንድ መንገደኛ ተነሥቶ «አባት፣ ይቀመጡ» ሲለው እኔን እንኳ እስኪያሳፍረኝ ድረስ «አይገባኝም» አለው። ቆሞ ደረሰ።

በሩን የከፈተልን ልጃቸው ነው፤ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ለምሳ የወጣ ሰው። አዋላጇ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ቀኝ እጃቸው እስከ ክንዳቸው ጀሶ ነው። አባዬ ጀሶውን አይቶ ደጃፉ ላይ ቀረ።

«ባለ ከዘራው ነዎት?» አሉ አዋላጇ። «እሰይ! እኔ እኮ ሞተው መስሎኝ ነበር!»

«እንዴት?» አለ አባዬ።

«ደብዳቤው ቀረዋ! ዓይኔ ፊደል አይለይም፣ የሚያነብልኝ ይኼ ልጄ ነው። 'ባለ ከዘራው አልጻፈም?' እለዋለሁ፣ 'አልጻፈም' ይለኛል። ድመቷ ምን ሆነች? ደረጃው ላይ ያለው መብራት ተሠራ?»

ልጁ እስከ ጆሮው ቀላ። «አድራሻው የኔ የመሥሪያ ቤት ነው» አለ ወደ እኛ ሳያይ። «አንዳንዴ በስብሰባ መሐል ይመጣል፣ ደግሞ ረጅም ነው... እኔ ነኝ የዘጋሁት። እናቴ አታውቅም።»

«አንተ!» አሉት እናቱ። «ቆይ ብቻ፣ እንግዶቹ ይሂዱ!»

አባዬን ማየት ፈራሁ። ያን ሁሉ ወር ያኮረፈው ደብዳቤውን ሲጠብቁ የነበሩትን ሴት ነው።

አዋላጇ ወደ ጥቅሉ እያዩ ቀጠሉ። «ከዘራው ምን ያድርግ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ወለሉ እርጥብ ነበር፤ ቸኩዬ ተንሸራተትኩ። እጀታውንም ስወድቅ እኔው ሳልሰብረው አልቀረሁም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስንት ለፍተውበት።»

እዚህ ላይ ነገሩ ሊያልቅ ይችል ነበር። ማንም የጠየቀው የለም። ከዘራውን ሰጥቶ፣ እግዜር ይማርዎ ብሎ፣ በምርቃት መውጣት ይችል ነበር። አባዬ ግን ግድግዳውን ያዘ።

«እትዬ፣ እርስዎ አልሰበሩትም። ቀድሞ የወለቀው እጀታው ነው። ኮላው መጥፎ ነበር።»

«ታዲያ ያጋጥማል እኮ፣ ጋሼ። በምን ያውቃሉ?»

«ሌላ ሰው ጋ ወልቆ ተመልሶልኝ ነበር።»

«መቼ?»

«እርስዎ ሳይወድቁ።»

ልጁ ከእናቱ ወደ አባዬ፣ ከአባዬ ወደ እናቱ አየ። እኔ ነገሩን ላቅልል ብዬ «ሕጉ...» ብዬ ስጀምር አባዬ እጁን አነሣ። «ሕጉን ተይው» አለኝ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሮ፣ «ለሌሎቹ ሁሉ ጽፌላቸዋለሁ። ለእርስዎ ደውዬ ልነግርዎ ስልክዎን ይዤ ነበር። ዘጉብኝ ብዬ አኮረፍኩና ሳልደውል ቀረሁ» አለ። «አፈር በበላሁ።»

አዋላጇ የጀሶ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አመቻቹ። ሲናገሩ ያናገሩት እኔን ነው። «ለሌሎቹ የተጻፈውን ደብዳቤ አሁን ላኪልኝ፣ ልጄ። ፈቅጃለሁ። እሳቸው ያንብቡልኝ።»

ከስልኬ ላክሁት። የልጃቸው ስልክ ኪስ ውስጥ ጮኸ፤ አውጥቶ ከፍቶ ለአባዬ ሰጠው። አባዬ መነጽሩን አደረገና እንደቆመ አነበበ።

«ውድ ደንበኛዬ፤ የሸጥኩልዎ ከዘራ እጀታ እርጥበት ሲነካው ሊወልቅ ይችላል። እባክዎ ከዚህች ሰዓት ጀምሮ አይደገፉበት። ቤት ውስጥም ቢሆን፣ ለአንድ እርምጃም ቢሆን አይደገፉበት። ለውጬ እልክልዎታለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ባለ ከዘራው።»

«አለቀ?» አሉ።

አባዬ ሁልጊዜ የሚጠላትን ግርጌ ያለችውን መስመር አየ። ሊዘላት ይችል ነበር፤ አነበባት። «መልእክት እንዲደርስዎ ካልፈለጉ እዚህ ይጫኑ።»

«የት ጋ ነው እሱ?»

አባዬ ወደ ወንበራቸው ሄዶ ጎንበስ አለና ስልኩን አስጠጋላቸው። ዓይናቸው ስለማይለየው የግራ አውራ ጣታቸውን ይዞ ራሱ ቦታው ላይ አደረሰላቸው። እሳቸው ተጫኑ።

«የፊተኛው የልጄ ነበር» አሉ። «ይኼ የኔ ነው።»

አልጮኹም፣ አልተሳደቡም። ጥቅሉን በዓይናቸው እያዩ «ከዘራውን ግን ተዉልኝ፤ መሄድ አለብኝ» አሉ። አባዬ ፈትቶ ሰጣቸው። በግራ እጃቸው ጨብጠው ተነሡ፣ በልጃቸው ታጅበው እስከ በሩ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ተቀመጡ። አባዬ በእያንዳንዱ እርምጃቸው ትንፋሹን ይይዝ ነበር። የወለቀውን ከዘራ ይዘን ወጣን።

ያንን ከዘራ በድሮው ኮላ መለሰው፤ ችንካር ግን «ለኔ አያስፈልግም» ብሎ አልነዳበትም። አሁን የሚይዘው አባዬ ራሱ ነው፣ ዝናብ ሲጥልም ጭምር። ቢያስፈራኝም ደረጃ ላይ ከኋላው እሆናለሁ እንጂ አልናገረውም። ደብዳቤውን ለእፍኞቹ ደንበኞቻችን መጻፉን አላቆመም፤ መጫኛዋን ግን ከግርጌ አንሥቼ ከሰላምታው ቀጥሎ በትልልቁ እንዳደርጋት አዝዞኛል። በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጠረጴዛዬ አጠገብ ይመጣና «ከአዋላጇ የመጣ ነገር አለ?» ይለኛል። የለም። የሰጣቸው የአዲሱ ከዘራ እጀታ ይጽና ይላላ አናውቅም። መጠየቅ ቢፈልግ የሚከለክለው ሕግ የለም፤ አሁን ያንን እሱም ያውቃል። ቁጥሩም አሁንም ሞርሳው አጠገብ ተሰክቷል።